ኮሩን ሳይነኩ የወርድፕሬስን ጠባይ መቀየር፦ የአማርኛ ርዕስ ጉዳይ

ወርድፕሬስን የጫነ ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ኮዱን ከፍቶ መነካካቱ አይቀርም። ክፍት ምንጭ ስለሆነ ማንም አይከለክለውም። እኔና ጓደኛዬም ለአንድ የተማሪዎች ክበብ ድረ ገጽ ስንሠራ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ዋጋም ከፍለንበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርድፕሬስ የጽሁፉን ርዕስ ወስዶ የገጹን አድራሻ ይሠራል። ለዚህ አድራሻ በዳታቤዙ የተሰጠው ቦታ 200 ካራክተር ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3 ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ አድራሻ ውስጥ ሲገባ የፐርሰንት ምልክትና 2 ካራክተር ይሆናል። ስለዚህ «የ» ብቻዋን 9 ቦታ ትበላለች። 200 ለ9 ሲካፈል፣ ቢበዛ 22 ፊደል! «የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የምረቃ ፕሮጀክት» የሚለው ርዕስ «ተማ» ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። በዚሁ ሐረግ የሚጀምር ሌላ ጽሁፍ ከመጣ ሲስተሙ ያንኑ አድራሻ ይሰጥና መጨረሻው ላይ 2 ቁጥር ይለጥፍበታል።

መጀመሪያ የኮሩን ፎርማቲንግ ፋይል ከፍተን ርዕሱን ወደ ላቲን ፊደል የሚቀይር ኮድ አስገባን። ሠራ፤ ደስም አለን። ታዲያ አዲስ ቅጂ ሲጫን ፋይሉ በአዲስ ተተካና ሥራችን ሁሉ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የወርድፕሬስ 1.2 ቅጂ ፕለጊን ያመጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። ኮሩ ሥራውን ሲሠራ በየቦታው ቆም እያለ «እዚህ ላይ የተመዘገበ ፈንክሽን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ቦታዎች ሁክ ይባላሉ። ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አክሽን አንድ ሥራ እንድንሠራ ብቻ ይጠራናል፤ ፊልተር ግን ዋጋ ይሰጠንና መልሰን እንድናስረክበው ይጠብቃል። (ሪተርን የረሳ ሰው ባዶ ገጽ ይታቀፋል።) እኛ የምንፈልገው ሳኒታይዝ ታይትል የሚባለውን ፊልተር ነበር። በአድ ፊልተር መዘገብነው።

ምንም ለውጥ የለም! ግማሽ ቀን ፈለግን። ምክንያቱ ቅደም ተከተል ነው። የእያንዳንዱ ፈንክሽን ቅድሚያ ካልተገለጸ 10 ነው፤ ትንሽ ቁጥር ያለው ቀድሞ ይሠራል፣ እኩል ከሆኑ ቀድሞ የተመዘገበው። ኮሩ ራሱ ርዕሱን በፐርሰንት የሚጽፈውን ፈንክሽን በዚሁ ፊልተር ላይ በ10 መዝግቦታል፤ ያውም ከእኛ በፊት። ስለዚህ ለእኛ የሚደርሰን ግዕዙ ቀርቶ የፐርሰንት ክምር ነበር። ቁጥሩን 9 ስናደርገው ተስተካከለ።

በማግስቱ ደግሞ የድሮዎቹ ጽሁፎች «ገጹ አልተገኘም» ማለት ጀመሩ። ለካ ይህ ፊልተር የሚጠራው ጽሁፍ ሲቀመጥ ብቻ አይደለም፤ አንባቢ አድራሻውን ሲከፍት ፍለጋው ውስጥም ይጠራል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው የፐርሰንት አድራሻ ሆኖ ሳለ እኛ በላቲን እናስፈልገዋለን! ፊልተሩ በ3ኛ አርጉመንቱ ለምን እንደተጠራ ይናገራል፤ «ሴቭ» ካልሆነ ርዕሱን እንዳለ መመለስ ነው። 3ቱም አርጉመንቶች እንዲደርሱን ግን በአድ ፊልተር መጨረሻ 3 ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ 1 ብቻ ነው የሚልከው።

አሁን የቀረን ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ሠዓሊ» እና «ሰአሊ» በእኛ ሠንጠረዥ አንድ የላቲን ቃል ይሆናሉ፤ ለጊዜው ኮሩ 2 ቁጥር እየለጠፈ ይለያቸዋል።