ለወጣት ልጆቻችሁ የጆሮ ማዳመጫ ስትመርጡ፦ ጆሮን ሳይጎዱ ሙዚቃ ማዳመጥ



በቂርያት ጋት ከሚኖሩ ቤተሰቦች ዘወትር የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጃችን በጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ፣ በዕብራይስጥ ‹ኦዝኒዮት› የሚባለውን፣ ግዙልኝ ይለናል። አንዱ በ40 ሸቅል ይሸጣል፣ ሌላው ሺህ ሸቅል ይደርሳል። የትኛውን እንግዛ? ጆሮውንስ አያደነቁረውም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዳንድ ወላጆች ከፍርሃት የተነሣ ጨርሶ ይከለክላሉ፤ ልጁ ግን ከጓደኛው ተውሶ ያዳምጣል። ሌሎች ደግሞ ርካሹን ገዝተው ይገላገላሉ። ሁለቱም መንገዶች ጆሮውን አይጠብቁትም።

የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት አጭር ነው። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ የሚባለው አብዝቶ የሚጮኸው አይደለም፤ በጆሮ ቀዳዳ ልክ ገጥሞ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ሙዚቃውን አሟልቶ የሚያሰማው ነው። እንዲህ ያለውን ደግሞ በመካከለኛ ዋጋ፣ ማለትም ከ150 እስከ 400 ሸቅል ገደማ፣ ማግኘት ይቻላል።

ጆሮ እንዴት ይሰማል? እንዴትስ ይጎዳል?

ድምፅ በአየር የሚተላለፍ ንዝረት ነው። ንዝረቱ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል። ከታምቡሩ በስተኋላ ያሉት ሦስት ትናንሽ አጥንቶች ንዝረቱን ተቀብለው፣ ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ያደርሱታል። በዚያም በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ 15,000 ያህል ጠጉር መሳይ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ የመስማት ሥራ የሚከናወነው በእነርሱ ነው።

ቀላል ነፋስ ያወዛወዘው የጤፍ ማሳ መልሶ ቀና ይላል፤ በረዶ የደበደበው ግን አይነሣም። እነዚህም ሕዋሳት እንደዚሁ ናቸው። መጠነኛ ድምፅ አይጎዳቸውም፤ ኃይለኛ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ሲደበድባቸው ግን ይሞታሉ። ጤፍ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይዘራል፤ የሞተ የጆሮ ሕዋስ ግን በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅልም።

ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። በንግግር ውስጥ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ» እና «ት» የሚሉትን የሚለዩት እነዚህ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ስለዚህ ልጁ ሰው መናገሩን ይሰማል፤ ቃሉን ግን አጥርቶ አይለይም። አዲስ ቋንቋ በመማር ላይ ላለ ልጅ ይህ ከባድ እንቅፋት ነው። መምህሩም ሆኑ ወላጆቹ «ዕብራይስጡ ገና ነው» ወይም «ትኩረት የለውም» እያሉ፣ የጆሮው ችግር ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ልጁ አድጎ ወደ ሠራዊት ሲጠራም፣ የመስማት ጉድለት የጤና መለኪያውን፣ «ፕሮፊል» የሚባለውን፣ ዝቅ ሊያደርግበት ይችላል።

ልጆቻችሁ የሚያዳምጡት ሙዚቃ ምን ዓይነት ነው?

ወጣቶች የሚወዱት የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በቺካጎና በዲትሮይት ከተሞች ተወልዶ ወደ ዓለም ተስፋፋ። በእስራኤል «ትራንስ» የተባለው ዓይነት በ1990ዎቹ ተወዳጅ ሆነ፤ በ1996 በሃይፋ የተመሠረተው «ኢንፌክትድ መሽሩም» የተባለ ቡድንም በዓለም ታወቀ። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለእኛም ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ በቀረጸው ካሴት የቆዩ ዜማዎችን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተጫውቷል።

የዚህ ሙዚቃ ልብ ከበሮው ነው። በአንድ ደቂቃ ከ120 እስከ 150 ጊዜ ያህል ሳያቋርጥ የሚመታ ወፍራም ድምፅ፣ «ባስ»፣ አለው። ወጣቱ ደስ የሚለው ይህ ድምፅ ሙሉ ሆኖ ሲሰማው ነው። ባሱ ካነሰበት ድምፁን ይጨምራል። አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

መግጠም ለምን ዋና ነገር ሆነ?

ወፍራም ድምፅ ሳይባክን ወደ ታምቡር የሚደርሰው የጆሮ ቀዳዳ በማዳመጫው ጫፍ በደንብ ሲዘጋ ነው። ጫፉ ከጠበበ ወይም ከሰፋ በዙሪያው ክፍተት ይቀራል፤ ባሱ በክፍተቱ ያመልጣል። ልጁ ያመለጠውን ባስ ለመመለስ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቀጫጭኑ ድምፅም አብሮ ከፍ ይላል። እንዲህ እያለ የሚፈልገውን ከበሮ ሳያገኝ ጆሮውን ይጎዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የአካባቢው ጩኸት ነው። ከቂርያት ጋት ወደ ቤር ሼቫ ወይም ወደ ቴል አቪቭ በባቡር የሚመላለስ ወጣት፣ ከባቡሩ ድምፅ በላይ ለመስማት ሙዚቃውን ይጨምራል። በደንብ የሚዘጋ ማዳመጫ ግን የውጭውን ጩኸት ስለሚቀንስለት በዝቅተኛ ድምፅ ይረካል።

በሱቅ ውስጥ ምን እንመልከት?

1. የጎማ ጫፎቹን ቁጠሩ። በሳጥኑ ውስጥ ቢያንስ ሦስት መጠን፣ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ፣ ሊኖር ይገባል። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እኩል ላይሆን ስለሚችል በሁለቱ ጆሮዎች የተለያየ መጠን መጠቀም ነውር አይደለም። የስፖንጅ ጫፍ ደግሞ በጆሮ ውስጥ ተስፋፍቶ ከጎማው ይበልጥ ሊዘጋ ይችላል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል።

2. መግጠሙን ፈትኑ። ሱቁ መሞከር ከፈቀደ ንጹሕ ጫፍ ጠይቁ፤ ካልፈቀደ ፈተናውን በቤት አድርጉ። ልጁ ከበሮ ያለበትን ዘፈን በዝቅተኛ ድምፅ ከፍቶ ማዳመጫውን በጣቱ ቀስ አድርጎ ይጫነው። ሲጫነው ባሱ በድንገት ከጨመረ ጫፉ አልገጠመም ማለት ነው፤ ሌላ መጠን ይሞክር። አፉን ሲከፍትና ራሱን ሲያዞር መውደቅ የለበትም። ጆሮውን ካመመው ደግሞ ጫፉ ትልቅ ነው።

3. በሳጥኑ ላይ ባለው ጽሑፍ አትታለሉ። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው የሰው ጆሮ ሊሰማው የሚችለውን ወሰን የሚናገር ነው፤ በርካሹም በውዱም ሳጥን ላይ ስለሚጻፍ ለምርጫ አይረዳም። «ተጨማሪ ባስ» የሚለውም ማስታወቂያ ነው። በውስጡ ያሉት የድምፅ መሣሪያዎች ብዛትም ብቻውን ጥራትን አያሳይም፤ ለጭፈራ ሙዚቃ በደንብ የተሠራ አንድ መሣሪያ በቂ ነው።

4. ልጁ በአውቶቡስና በባቡር የሚመላለስ ከሆነ የውጭ ጩኸት የሚያጠፋውን፣ በዕብራይስጥ «ሲኑን ራአሺም» የሚባለውን፣ አስቡበት። ይህ የሞተርን የማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ በሚገባ ይቀንሳል። በቤት ብቻ ለሚያዳምጥ ግን ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ላያስፈልግ ይችላል።

5. ባለ ገመድ ወይስ ያለ ገመድ? ባለ ገመዱ ባትሪ አያስፈልገውም፤ በተመሳሳይ ዋጋም ብዙ ጊዜ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። ገመዱ ተነቅሎ የሚለወጥ ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል። ከመግዛታችሁ በፊት የልጁ ስልክ የገመድ መሰኪያ እንዳለው አረጋግጡ። ገመድ አልባ ከመረጣችሁ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ላብ እንደሚችልም ጠይቁ።

6. ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት፣ «ተዑዳት አሕራዩት»፣ ተቀበሉ። በጆሮ ውስጥ የገባ ዕቃ በንጽሕና ምክንያት አይመለስም ሊባል ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መመለስ ወይም መለወጥ መቻሉን ጠይቁ፤ መልሱንም በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ምን ያህል ድምፅ? ለስንት ሰዓት?

በፋብሪካ የምትሠሩ ወላጆች ነገሩን ከሥራችሁ ታውቁታላችሁ። በእስራኤል በ1984 በወጣው ደንብ መሠረት፣ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የተፈቀደው የጩኸት ወሰን 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጆሮ መከለል ግድ ይሆናል። ብዙ የጆሮ ማዳመጫዎች ግን እስከ መጨረሻው ከፍ ሲደረጉ 100 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊደርሱ ይችላሉ። አባት በፋብሪካው ጆሮውን ሸፍኖ ሲሠራ፣ ልጁ በመኝታ ክፍሉ ከፋብሪካው የበለጠ ጩኸት በጆሮው ውስጥ ያስገባል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት የሚመክረው ወሰን እንደሚከተለው ነው፦

— በ80 ዴሲቤል፦ 40 ሰዓት
— በ90 ዴሲቤል፦ 4 ሰዓት
— በ95 ዴሲቤል፦ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ
— በ100 ዴሲቤል፦ 20 ደቂቃ

ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ለልጆች ወሰኑ ዝቅ ይላል፤ ይኸውም በ75 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው።

ይህን በቤት እንዴት እንለካ? ብዙ ስልኮች ድምፅ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚያደርግ ገደብ አላቸው፤ አንዳንዶቹም የሳምንቱን መጠን በዴሲቤል ያሳያሉ። ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ፈልጉት። እንዲህ ያለ መለኪያ ከሌለ፣ ድምፁ ከስልኩ ሙሉ ኃይል ከመቶ 60 እንዳያልፍ ይመከራል። በየሰዓቱም ጆሮውን ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፍ።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። «ሙዚቃው ወደ ውጭ ካልተሰማ አይጎዳም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በደንብ የሚገጥም ማዳመጫ ድምፁ ከፍ ቢልም ወደ ውጭ ላያሰማ ይችላል። ስለዚህ በስልኩ ላይ ያለውን ልክ ተመልከቱ።

ጆሮ ክፍት መሆን ያለበት ጊዜ

ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ዕቃ የመኪና ጥሩንባንም ይዘጋል። መንገድ ሲሻገሩ፣ ብስክሌት ሲነዱ፣ የባቡር ሐዲድ አጠገብ ሲቆሙ ማዳመጫው ከጆሮ ይውጣ። ከተማችን ከጋዛ ሰርጥ ብዙም አትርቅም፤ የአደጋ ጥሪ፣ «አዝአካ»፣ ሲነፋ ወደ መጠለያ ለመድረስ ያለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ስለሆነም በውጥረት ወቅት ልጁ ከቤት ውጭ ሲሆን ቢያንስ አንድ ጆሮው ክፍት ይሁን። ማታም ማዳመጫውን በጆሮው እንደያዘ አይተኛ።

ንጽሕና

ማዳመጫ እንደ ጥርስ ብሩሽ የግል ዕቃ ነው፤ ወንድምና እኅትም ቢሆኑ አይዋዋሱት። የጎማ ጫፎቹን በየሳምንቱ ነቅላችሁ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ በደንብ ሳይደርቁ አትመልሷቸው። የጆሮ ኩክ ለማውጣት የክብሪት እንጨት፣ የጠጉር መርፌ ወይም ቁልፍ ወደ ጆሮ አታስገቡ። ሐኪም ሳያዝ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አታንጠባጥቡ። ጆሮው ከታመመ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ ሐኪም እስኪያየው ማዳመጫ መጠቀም ይቁም።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ልጁ ጆሮው እንደሚጮኽበት ወይም እንደተደፈነበት ከተናገረ፣ ደጋግሞ «ምን አላችሁ?» ካለ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ካበዛ፣ ወይም ከጀርባው ሲጠሩት ካልሰማ፣ ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የማስተላለፊያ ወረቀት፣ «ሀፍናያ»፣ ጽፎ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ወይም ወደ መስማት ምርመራ፣ «ብዲቃት ሽሚዓ»፣ ይልካችኋል። ምርመራው አያምም፤ ልጁ ድምፅ በሰማ ቁጥር ምልክት ይሰጣል። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሕክምናው የሚረዳው ፈጥኖ ሲጀመር ስለሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ፈልጉ።

ከ1995 ጀምሮ በሚሠራው የብሔራዊ ጤና ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት የእስራኤል ነዋሪ ሁሉ ከአራቱ የጤና ድርጅቶች፣ «ኩፖት ሖሊም»፣ በአንዱ መመዝገብና መታከም መብቱ ነው። ቋንቋ ካስቸገራችሁ ስለ አማርኛ አስተርጓሚ በክሊኒካችሁ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ስለ ራሱ ሕመም አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ መብታችሁ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የስልክ መስመር፣ በኮከብ 5400፣ መጠየቅ ይቻላል።

የተማርነውን እናስታውስ

ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. የማዳመጫው ጫፍ ካልገጠመ ልጁ ድምፁን ለምን ይጨምራል?
2. በ90 ዴሲቤል በሳምንት ስንት ሰዓት ማዳመጥ ይፈቀዳል? በ100 ዴሲቤልስ?
3. ሙዚቃው ወደ ውጭ ባይሰማም ጆሮ ሊጎዳ የሚችለው እንዴት ነው?
4. በልጁ ስልክ ውስጥ የድምፅ ገደቡ የት ይገኛል?

አራተኛውን ጥያቄ ልጁ ራሱ ያሳያችሁ። ስልኩን ከእናንተ በተሻለ ያውቀዋል፤ ገደቡን በገዛ እጁ ሲያደርገውም የራሱ ውሳኔ ስለሚሆን ያከብረዋል።