የአስታማሚው ሸክም

አንድ ሰው እግሩ ሲሰበር ጎረቤት ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርህ» ሊል ይመጣል። አእምሮው ሲታወክ ግን ጠያቂው ይቀራል፤ በሩም ይዘጋል። ከተዘጋው በር በስተ ኋላ ከሕመምተኛው ጋር እናቱ፣ እኅቱ ወይም ሚስቱ አሉ። ይህ ጽሑፍ ስለ እነርሱ ነው።

ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጕርምስና ማብቂያና በወጣትነት፣ ማለት በእኛው ዕድሜ ነው። ሕመምተኛው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ያለ ምክንያት ይጠረጥራል፤ ከሥራና ከሰው ይርቃል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ሁለት ጕልበት በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ይጦረናል ያሉት ልጅ ይታመማል፤ እርሱን የሚጠብቀውም ሰው ከእርሻና ከገበያ ይቀራል። የመድኃኒትና የመንገድ ወጪ ደግሞ ይጨመርበታል።

ከገንዘቡ ችግር ሌላ ኀፍረት አለ። በቡታጅራ አካባቢ 178 የሕመምተኞች ዘመዶች ተጠይቀው ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት፣ ከመቶ 75ቱ መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከመቶ 37ቱ የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ሕመሙን የደበቀ ሰው እንግዲህ ማንን እርዱኝ ይላል?

አንዳንዱ ቤተ ሰብ ሕመምተኛውን በሰንሰለት ያስራል። ይህን ስንሰማ «እንዴት ያለ ጭካኔ ነው!» ለማለት እንቸኩላለን። ማሰር በእርግጥ አካልንም ክብርንም ይጎዳል። ነገር ግን በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ቤተ ሰቦቹ የሚያስሩት ልጃቸው ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ራሱንም ሌላውንም እንዳይጎዳ ፈርተው፣ ሌላ መላ አጥተው ነው። እንግዲህ ሰንሰለቱን ወቀሳ ብቻ አይፈታውም።

መላው ምንድን ነው? ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ፈላጊ ከያለበት ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ይጓዝ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት ግን፣ ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሕክምና ለጀመሩ ሕመምተኞች የሚያደርጉት ክትትል ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መንደሩ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው።

የቀረው የእኛ ፈንታ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ያንን የተዘጋ በር እናንኳኳ፤ ሕመምተኛውን «እብዱ» ማለትን ትተን በስሙ እንጥራው፤ እናቱ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ አጠገቡ እንቀመጥ። ምናልባትም ከመካከላችን ስለ ታመመ ወንድሙ ለመናገር የሚፈራ ባልንጀራ ይኖር ይሆናል፤ ያን ጊዜ እርሱም ይናገራል።