ጠመንጃና የክርስቲያን ኅሊና

በጎጃም ደጋ፥ ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጀምሮ እስከ ጮቄ ተራራ ሥር ባሉት መንደሮች፥ ወደ አንድ ባላገር ቤት የገባ እንግዳ በግድግዳው ላይ ሁለት ነገሮች ጐን ለጐን ተሰቅለው ቢያይ አይደነቅም። አንደኛው የእመቤታችን ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው ጠመንጃ ነው። የቤቱ ጌታ ማታ በሥዕሉ ፊት ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል፤ ጸሎቱን ከፈጸመ በኋላ ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አውርዶ ከራስጌው ያኖረዋል። ይህን ሲያደርግ ልቡ በሁለት የተከፈለ አይመስለውም። ሁለቱንም ይወዳል፤ ሁለቱንም ከአባቱ ወርሷቸዋል።

ይህ ሰው ጿሚ፥ ማኅበር ጠጪ፥ ዐሥራት አውጪ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ወደ ነፍስ አባቱ ቀርቦ፥ አባቴ ሆይ፥ ጠመንጃዬን እወደዋለሁ፤ ይህ ኀጢአት ነውን? ብሎ ቢጠይቅ ምን ሊመለስለት ይገባል? በኑዛዜ ጊዜ ስለ ጾም መሻር፥ ስለ ምንዝርና ስለ ሐሰት ምስክርነት መጠየቅ የተለመደ ነው። ስለ ጠመንጃ ግን፥ ሰው እስኪሞትበት ድረስ የሚጠይቅ ካህን ብዙ አይመስለንም። ሰው ከሞተ በኋላ ደግሞ የሚቀረው ቀኖና መስጠት ብቻ ነው፤ የምክሩ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ነገሩን አስቀድመን ልንመረምረው ወደድን።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንዱ፥ ወንጌል የሰላም ወንጌል ስለ ሆነ ክርስቲያን ብረት መንካት የለበትም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ አባቶቻችን ታቦት ይዘው ዘምተው የለምን? ብሎ ነገሩን በዚሁ የሚዘጋ ነው። ፊተኛው መልስ ሌሊት ከብቱን ሊነዱበት የመጡበትን ሰው ችግር አያውቅም። ኋለኛው የሰውየውን ልብ አይመረምርም።

ጌታችን በሕማሙ ዋዜማ፥ ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሸጦ እንዲገዛ ለደቀ መዛሙርቱ ተናገረ፤ ሁለት ሰይፍ እንዳላቸው በነገሩትም ጊዜ በዚሁ እንዲበቃ አደረገ (ሉቃ. 22፥36-38)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጕም፥ ሰይፎቹ ከማዕዱ የመጡ፥ ስለ በጉ የተያዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያስረዳል። ለማዕድ የተያዘው ስለት ጥቂት ሰዓት ሳያልፍ በሰው ጆሮ ላይ ዐረፈ። ቅዱስ ጴጥሮስ የመዘዘው ከክፋት የተነሣ አልነበረም፤ ስለ ጌታው ፍቅር ነው። ጌታ ግን የማልኮስን ጆሮ ፈወሰ፤ ጴጥሮስንም ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው (ዮሐ. 18፥10-11)። በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። ስበረው፥ ወደ ገደል ጣለው የሚል ትእዛዝ አልተሰጠም። የብረቱ ስፍራ ሰገባው መሆኑ ታወቀ፤ ከዚያ ለምን እንደ ወጣም ባለቤቱ ተጠየቀ። መጥምቁ ዮሐንስም ጭፍሮች ወደ እርሱ በመጡ ጊዜ ሰውን እንዳይቀሙና በደመወዛቸው እንዲረኩ አዘዛቸው እንጂ ጭፍርነታቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም (ሉቃ. 3፥14)።

ከአባቶችም ሁለቱን እንጥቀስ። ለአገራችን አቡነ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ቅዱስ አትናቴዎስ፥ ለአሞን በጻፈው መልእክቱ፥ ነፍስ ማጥፋት የተከለከለ ቢሆንም በጦርነት ጠላትን መግደል የተፈቀደና የሚመሰገን መሆኑን ይናገራል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ደግሞ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና፥ አባቶች በጦርነት የሆነውን መግደል ከነፍስ ግድያ እንዳልቈጠሩት ከገለጠ በኋላ፥ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ እነዚህ ሰዎች ለ3 ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከሉ መልካም ሊሆን እንደሚችል ይመክራል። ሁለቱ አባቶች የሚጣሉ ለሚመስለው ሰው እንዲህ እንላለን፤ አትናቴዎስ የሚናገረው ስለ ፍርዱ ነው፤ ባስልዮስ የሚናገረው ስለ ቍስሉ ነው። አገሩን የተከላከለ ሰው ወንጀለኛ አይባልም። ቢሆንም የሰው ደም ያየ ዓይን እንዳልነበረ ሆኖ ወደ መቅደስ ሊገባ አይችልም። ዳዊት የእግዚአብሔርን ጦርነት ተዋግቶ ሳለ፥ ብዙ ደም ስላፈሰሰ ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ ተከልክሏል (1ኛ ዜና መዋ. 22፥8)።

የጎጃም ታሪክ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያስተምረናል። በግንቦት 1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእምባቦ ተዋጉ። በሁለቱም ወገን የሚጾም፥ የሚቈርብ ሠራዊት ነበረ፤ ክርስቲያን ክርስቲያንን ገደለ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። ከ14 ዓመት በኋላ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ፥ እነዚሁ ሁለቱ በአንድ ወገን ተሰልፈው የመጣውን ጠላት መለሱ። የሰዎቹ ሃይማኖት አልተለወጠም፤ የጠመንጃውም ዓይነት ከቀድሞው እጅግ የራቀ አልነበረም። የእምባቦውን ጥይትና የዐድዋውን ጥይት በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ግን ማንም የለም።

ሕዝቡ መሣሪያውን እንደ ዓይኑ ብሌን ማየቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1930 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ጦር የጎጃምን ባላገር መሣሪያ ለማስፈታት በተነሣ ጊዜ አገሩ በሙሉ ሸፈተ። ልጅ ኃይሉ በለው፥ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ የተነሡት በዚያ ዘመን ነው። መሣሪያውን ያስረከበ ሰው ቤቱንም ሃይማኖቱንም አብሮ እንዳስረከበ ያን ጊዜ ተማረ፤ ትምህርቱም እስከ ልጅ ልጅ ደረሰ። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ወገን ከወገን ተታኰሰ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሞቱ። ማን በደለ ማን ተበደለ የሚለው ሌላ ጽሑፍ የሚሻ ነው። እኛ የምናየው፥ ጠላት ከወጣ በኋላም ብረቱ ወደ ሰገባው ሳይመለስ መቅረቱን ነው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጎጃም እንደ ገና ታወከ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነትም በዚሁ ምድር ላይ በሁለቱም ወገን የቆሙ ሰዎች ማተብ ያሰሩ ናቸው።

አሁን ሰውየው ወደ ጠየቀው፥ ወደ ፍቅሩና ወደ ደስታው እንመለስ። ጠመንጃ ደስ እንደሚያሰኝ መካድ ሐሰት ነው። ብረቱን በዘይት መወልወል፥ ሰደፉን ማሳመር፥ ዐይንንና ትንፋሽን ሰብስቦ ከሩቅ የቆመውን ዒላማ መምታት ጥበብ ነው፤ ጥበብም ሁሉ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስለ ሆነ በራሱ ኀጢአት ልንለው አንደፍርም። በመጽሐፈ መሳፍንት፥ ከብንያም ወገን የሆኑ 700 ግራኞች በወንጭፍ የጠጕር ያህል የማይስቱ እንደ ነበሩ ተጽፏል (20፥16)። ነገር ግን አንባቢ ምዕራፉን በሙሉ ይመልከት፤ ይህ የተጻፈው እስራኤል ወንድሙን ብንያምን ሊያጠፋ በደረሰበት ታሪክ ውስጥ ነው።

ሌላ ደስታ አለ፤ እርሱ ግን የከፋ ነው። ሰው ጠመንጃውን አንግቶ በገበያ መካከል ሲያልፍ መንገድ ይለቀቅለታል፤ በድንበር ክርክር ላይ ሲቆም ባለጋራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ልቡን በዚህ የሚያሞቅ ሰው የሚወደው ብረቱን አይደለም፤ የወንድሙን ፍርሃት ነው። ለነፍስ አባቶች የምናሳስበው መጠይቅ ይህ ነው። ልጄ ሆይ፥ ይህን ጠመንጃ ማንም የማያይብህ ቢሆን ይህን ያህል ትወደው ነበርን? ይበሉት። ጥማድ በሬውን ሸጦ ጠመንጃ የገዛ፥ ልጆቹም በክረምት እህል ያጡበት ሰው መልሱን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። በፉከራ ላይ ገዳይነቱን የሚቈጥር ሰውም፥ ባስልዮስ 3 ዓመት በዝምታ እንዲያዝንበት የመከረውን ነገር በአንድ ዋንጫ ጠላ መዝፈኛ ማድረጉን ሊነገረው ይገባል።

በሠርግና በልደት ወደ ሰማይ መተኰስም ከዚሁ ጋር ይቈጠራል። ወደ ላይ የወጣች ጥይት በሰማይ አትቀርም፤ ተመልሳ ትወርዳለች፤ የምትወርድበትንም ስፍራ ተኳሹ አይመርጥም። ጠቢቡ በምሳሌ 26፥18-19 እሳትና ፍላጻ የሚወረውረውን እብድ፥ ባልንጀራውን በድሎ በቀልድ ከሚያመካኝ ሰው ጋር አመሳስሎታል። የሠርጉ ዕለት የወደቀውን ሕፃን አባት፥ በደስታ ብዛት ነው ብሎ የሚያጽናና ማን ነው?

የዘመኑ ብረት ከአባቶቻችን ብረት የተለየ መሆኑም አይዘንጋ። ውጅግራ አንድ ተኵሶ ሌላ እስኪያጐርስ ድረስ ለተኳሹ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠው ነበር፤ ያች ጊዜ ጥቂት ብትሆንም አንዳንድ ነፍስ ሳታድን አልቀረችም። ክላሽ ግን በአንድ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል፤ ቍጣ ሳይበርድ ሁሉ ይፈጸማል። ይህን መሣሪያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 የፈለሰፈው ሩስያዊው ሚካኤል ካላሽኒኮፍ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ሞተ። ከሞቱ በኋላ በጋዜጣ በወጣው፥ ለፓትርያርክ ኪሪል በጻፈው ደብዳቤ፥ የገበሬ ልጅና ኦርቶዶክሳዊ መሆኑን ገልጦ፥ ጠመንጃው የሰው ነፍስ ያጠፋ ከሆነ፥ የጠላትም ነፍስ ቢሆን፥ እርሱ ይጠየቅበት እንደ ሆነ ኅሊናው እንደሚያስጨንቀው ተናግሯል። ከቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል የተሰማው መልስ፥ መሣሪያ አገርን ለመጠበቅ ሲውል ቤተ ክርስቲያን ሠሪዎቹንና ወታደሮቹን ትደግፋለች የሚል ነበር። መልሱ ከአትናቴዎስ ቃል ጋር ይስማማል። ሆኖም ሽማግሌው የጠየቀው እንደ ባስልዮስ ነውና መልሱ ጭንቀቱን የነካለት አይመስለንም። የሠራው ሰው እንዲህ ከተጨነቀ፥ ምላጩን የሚስበው ሰው ሳይጠይቅ እንዴት ያድራል?

ጠመንጃ በቤቱ ያለው ክርስቲያን ምን ያድርግ ለሚለው፥ ኦሪት ከበቂ በላይ ተናግራለች። ተዋጊ መሆኑን እያወቀ በሬውን ያልጠበቀ ሰው፥ በሬው ሰው በገደለ ጊዜ ራሱ ባለ ዕዳ ይሆናል (ዘፀ. 21፥29)። አዲስ ቤት የሠራም ሰው እንዳይወደቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ ያድርግ ተብሏል (ዘዳ. 22፥8)። ጥይት ጐርሶ ሕፃን በሚደርስበት የተሰቀለ ጠመንጃ ያልታሰረ ተዋጊ በሬ ነው። አረቄ ሲጠጣ የሚያነግተው ሰውም መከታውን በገዛ እጁ አፍርሷል። የአገሩም ሕግ፥ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012፥ መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ አዝዟል። ሌሊት ቤት ሲሰርስ የተገደለውን ሌባና ፀሐይ ከወጣ በኋላ የተገደለውን ሌባ ኦሪት ለይታ እንደምትፈርድ (ዘፀ. 22፥2-3) ባለ ጠመንጃ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ በቀን የሸሸ ሌባ ደም አለበት።

ስለ ካህናት መናገር ከባድ ቢሆንም አንለፈው። መንገዱ አስፈሪ ነው፤ ሌሊት ለጸሎት፥ ለቍርባን የሚጠራ ቄስ በዱር ማለፉ አይቀርም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ያነግታል። ችግሩን እናውቃለን። ይሁን እንጂ የሐዋርያት ቀኖና ምእመንን የመታን ካህን ከሹመቱ ይሽራል፤ ነፍስ ያጠፋ ካህንማ መሥዋዕት ሊያቀርብ አይችልም። ምእመን ቢተኵስ ንስሐ ይገባል፤ ካህን ቢተኵስ ንስሐ ቢገባም ደብሩ ቀዳሽ ያጣል። ስለዚህ በሚያሰጋ መንገድ ምእመናን ቄሳቸውን አጅበው ይውሰዱ፤ ይህ የእነርሱ ዕዳ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ፊት ሲቆሙ የያዙት መስቀል ነበረ።

በአገራችን ደም በተፈላለጉ ቤተ ሰቦች መካከል፥ ብረት በተመዘዘበት ሰዓት፥ መስቀል ዘርግቶ የሚገባው ካህን ነው። ሁለቱም ወገን አፈሙዛቸውን የሚያዘቀዝቁት እርሱ ምንም ስላልያዘ ነው። ሽማግሎች ደሙን አድርቀው ካሳውን ከቈረጡ በኋላም ገዳይና የሟች ወንድም በፊቱ ይሳሳማሉ። ለማስቀደስ የመጣ ሰው ጠመንጃውን ከቅጥሩ በር ለሌላ ሰው አስይዞ እንዲገባ የሚያዘውም እርሱ ነው። እርሱ ራሱ አንግቶ የመጣ እንደ ሆነ ግን፥ በበሩ ላይ የቆመው ምእመን የራሱን ለማን አስይዞ ይገባል?