በጸደይ ወራት በጢቾ ደጋ ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚሆን ሥራና ትምህርት

በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን ያለው ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ጸደይ፣ ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ክረምት ይባላል። በከተማ ግን ዐደይ አበባ የሚፈካበትን የመስከረምንና የጥቅምትን ወራት ጸደይ ብሎ መጥራት ተለምዷል። ልማዱ ሥር የሰደደ ስለ ሆነ ለማጥፋት መድከም አያስፈልግም፤ ነገር ግን ተማሪው የአባቶቹን አቆጣጠር ሳያውቅ እንዳይቀር መምህሩ ሁለቱን አስተያይቶ ይንገረው። የአርሲ ገበሬ ይህን ከመጋቢት ወዲህ ያለውን የበልግ ወራት በኦሮምኛ አርፋሳ ይለዋል። በዚህ ጽሕፈት ጸደይ የተባለው እርሱ ነው። ዝናሙ ግን የባሕረ ሐሳብን ቀን አይጠብቅም፤ አንዳንድ ዓመት በየካቲት ይቀድማል፣ አንዳንድ ዓመትም ሚያዝያ እስኪጋመስ ይዘገያል።

ጢቾ በአርሲ ደጋ ላይ፣ ከአሰላ በስተ ምሥራቅ ከሚታየው ከገለማ ተራራ ማዶ ያለች ከተማ ናት። አርሲ ጠቅላይ ግዛት በነበረ ጊዜ ከሦስቱ አውራጃዎች አንዱ በስሟ ጢቾ አውራጃ ይባል ነበር፤ የቀሩት ሁለቱ ጭላሎና አርባ ጉጉ ነበሩ። ከተራራው በምዕራብ የሚወርደው ውሃ በከታር ወንዝ አድርጎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲገባ፣ በጢቾ በኩል የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። አገሩ ከፍ ያለና ብርዳም ስለ ሆነ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር፣ ተልባም ይበቅልበታል።

ጸደይ ለትምህርት ቤት አስቸጋሪ ወራት ነው። የሚውለው በትምህርቱ ዘመን ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ነው፤ የዓመቱም ፈተና በሰኔ ይጠብቃል። ገበሬው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ያርሳል፣ ያለሰልሳል፣ የበልግ ገብስ ይዘራል። ወንዱ ልጅ በሬ ይጠብቃል፣ ከተዘራው ላይ ወፍ ይከለክላል፤ ሴቷ ልጅ እናቷ ወደ ማሳ ስትወርድ ታናናሾቿን ይዛ ከቤት ትቀራለች። የመንገድ ርቀት ብቻውን ተማሪን አያስቀርም። በአሰላ አጠገብ የተወለደው ስመ ጥሩ ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ነበረ፣ ደብተሩንም በግራ ብብቱ ይይዝ ስለ ነበር ኋላ በዓለም አደባባይ ሲሮጥ የግራ ክንዱ አጠፍ እንደሚል የታወቀ ነው። ዋነኛው እንቅፋት አባት የልጁን መማርና የልጁን ጉልበት በአንድ ሚዛን ላይ አድርጎ መመዘኑ ነው። ይህን ምዘና ስንፍና ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ የዘር ቀን ካለፈ አይመለስምና። ስለዚህ መምህሩ አባቶችን በተግሣጽ ብቻ ለመመለስ ከሚደክም ይልቅ፣ ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ለማሳው የሚጠቅም እውቀት ይዞ እንዲገባ ቢያደርግ ይሻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከማንኛውም የገጠር ቤት የማይታጣ ነው፤ እራፊ ጨርቅ፣ ባዶ ጣሳና ቀጥ ያለ እንጨት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የዘር ፈተና ነው። ይህ ገበሬው ዘር ሳይዘራ፣ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ መደረግ አለበት። እያንዳንዱ ተማሪ አባቱ ለዘር ካስቀመጠው እህል አንድ እፍኝ ያምጣ፤ ነገር ግን ከጎተራው አፍ ብቻ የተዘገነ እንዳይሆን ከላዩም ከመካከሉም ከታቹም ተውጣጥቶ ይደባለቅ። ከዚያ መልካሙን ሳይመርጥ ክፉውንም ሳይጥል 100 ፍሬ ይቁጠር። ፍሬውን በረጠበ ጨርቅ ላይ 10 በ10 አድርጎ ይደርድርና ጠቅልሎ በሳሕን ያስቀምጠው። ጨርቁ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭበት፤ ዘር እርጥበት ይሻል እንጂ ውሃ ውስጥ ሲሰጥም ይታፈናልና አይዘፍዝፈው። ደጋ ስለ ሆነ ሌሊቱን ከምድጃ ራቅ ብሎ ሙቀት በሚያገኝበት ስፍራ ይደር። በስምንተኛው ቀን ይፈታና ሥርም ቡቃያም ያወጣው ይቆጠር።

ከ100 ፍሬ 90 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው። 60 ብቻ ከበቀለ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፤ አባት 1 ኩንታል ሲዘራ 40 ኪሎው በምድር ውስጥ በስብሶ ይቀራል። እዚህ ላይ መምህሩ ሒሳብ ያስተምር። መልካሙ ዘር 1 ኩንታል የሚያስፈልገውን ማሳ በዚህ ዘር ለመሸፈን ስንት ያስፈልጋል? 90 ለ60 ሲካፈል አንድ ተኩል ስለሚሆን 1 ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ነገር ግን ከደካማ ዘር የሚወጣ ቡቃያ ራሱ ደካማ ስለ ሆነ መጠኑን ማብዛት ፍጹም መድኃኒት አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ያን እህል ለእንጀራና ለቆሎ አድርጎ፣ በፈተናው መልካም ሆኖ ከተገኘው የጎረቤት እህል ለውጦ መዝራት ነው። ዘር የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዝናም መካከል ታጭዶ ሳይደርቅ ሲከተት፣ ጎተራው እርጥበት ሲያስገባ፣ ወይም ነቀዝ ልቡን ሲበላው ነው፤ ክረምት ሳይወጣ የሚታጨደው የበልግ ገብስ ስለዚህ ይልቁን ይፈተን።

ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የአንዱ ቤት ዘር ክፉ ሆኖ ሲገኝ በክፍል ውስጥ በአባቱ ስም ጮኾ መንገር አይገባም፤ ልጁ ቁጥሩን በደብተሩ ጽፎ ወደ ቤቱ ይውሰድ። ሁለተኛም ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ በመድኃኒት የተለወሰ ዘር ወደ ትምህርት ቤት አይምጣ፤ በእጅም አይነካ፣ ለመብልም ከቶ አይሁን።

ቆጥሮ መብቀሉን ማወቅ የዘርን ጠባይ ሁሉ ማወቅ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ክረምትና በ2003 ዓ.ም. መጸው ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ስንዴ ላይ በወረደ ጊዜ ብዙ ገበሬ ይዘራቸው የነበሩት ኩብሳና ገለማ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች እጅግ ተጎድተዋል፤ እነዚህም በመብቀል የሚታሙ አልነበሩም። ዋግን የሚቋቋም ዝርያ የሚመረምረው በአሰላ አቅራቢያ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማእከል ነው። ተማሪዎች ግን ከሰኔ በኋላ በስንዴ ቅጠል ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ መሥመር ቢያዩ ለግብርና ሠራተኛው ፈጥነው እንዲነግሩ ከወዲሁ ይማሩ።

ከዘሩ ቀጥሎ የሚመጣው የዝናም ነገር ነው። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ባዶ ጣሳ ከዛፍና ከጣራ ክዳን ራቅ ባለ ሜዳ በአጭር እንጨት ላይ ይታሰር። በየጠዋቱ በ3 ሰዓት አንድ ተማሪ በተራው በማስመሪያ ጥልቀቱን በሚሊ ሜትር ለክቶ ይጻፍና ውሃውን ያፍስስ። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም ወረደ ማለት 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ማሳ 600 ካሬ ሜትር ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 6,000 ሊትር ወረደለት። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲቆጠር 300 ጀሪካን ነው። ከምንጭ ውሃ በጀርባዋ የምታመጣ ልጅ ይህን ሒሳብ ለማስተዋል ማንም አይቀድማትም።

የበልግ ዝናም እርጥበቱ አብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል በነፋስ የሚመጣ ነው፤ አመጣጡም እንደ ክረምቱ የታመነ አይደለም። ገበሬን የሚያሳዝነው አንድ ቀን አውርዶ ሁለት ሳምንት የሚያቋርጠው ዝናም ነው፤ ዘሩ በቅሎ ሳለ ይደርቃልና። የአየር ጠባይ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ የዝናም መግቢያ የሚሉት በ3 ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ከዚያም ወዲያ ረጅም ድርቅ ሳይከተል ሲቀር ነው። ከፊት ያለውን ጣሳው አይናገርም፤ የወረደውን ግን በትክክል ይነግራል። «ዘነበ» ከማለት «በሦስት ቀን 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ዘነበ» ማለት ለአባት የተሻለ ምክር ነው።

የቀረው የጥላ ትምህርት ለማሳው በቀጥታ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ቢሆንም ተማሪ ከሁሉ የሚወደው ይህን ነው። የቀድሞ ሊቃውንት በጾም ወራት ሰዓቱን ለማወቅ በገዛ ጥላቸው ላይ እግራቸውን እያስከተሉ በጫማ ይቆጥሩ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ግን ከመሬት በላይ 1 ሜትር የሆነ እንጨት በደልዳላ ሜዳ ላይ በቱምቢ ቀጥ ተደርጎ ይተከል፤ ቀትር ላይ ጥላው ይለካ። የጢቾ ቀትር በሰዓት ሲቆጠር ልክ በ6 ሰዓት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ጢቾ ያለችው ግን በ39 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው፤ ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ስለምትፈጅ ቀትሩ 22 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ታኅሣሥ 12 ቀን የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን 61 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት በመጋቢት 11 ቀን ገደማ 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሚያዝያ 2 ቀን ገደማ ፀሐይ በጢቾ አናት ላይ ትቆማለች፤ እንጨቱም ጥላ የለውም። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል፤ ሰኔ 14 ቀን 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ደርሶ ይመለሳል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረ ኤራቶስቴንስ የተባለ ሊቅ፣ በዓባይ ዳር ባለችው በአስዋን በበጋ ረጅሙ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ የጉድጓድ ውሃ ድረስ ታበራለች ሲባል ሰማ። በእስክንድርያ ግን በዚያው ሰዓት ጥላ ነበረ፤ ቢለካው ከክበብ 50ኛው እጅ ሆነ። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ ከእውነቱ ሳይርቅ አገኘ። የጢቾ ተማሪዎችም ይህን ለማድረግ እስክንድርያ መሄድ አያሻቸውም። መቀሌ ከጢቾ በስተ ሰሜን፣ በአንድ የቀትር መሥመር ላይ ያለች ያህል ናት፤ በአየር መሥመር ቢለካ 630 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በጢቾ ጥላ በሚጠፋበት ቀትር በመቀሌ የ1 ሜትር እንጨት ወደ ሰሜን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ይህ በወረቀት ላይ ተስሎ በፕሮትራክተር ሲለካ 5 ዲግሪ ከ7 ዐሥረኛ ያህል ይሆናል። 360 ለዚህ ሲካፈል 63 ገደማ ነው፤ በ630 ኪሎ ሜትር ቢባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የምድር ዙሪያ ይህን ያህል ነው። ለመቀሌ አንድ ትምህርት ቤት በየካቲት ደብዳቤ ቢጻፍ መልሱ እስከ ቀኑ ሊደርስ ይችላል።

ሚያዝያ 2 ቀን ደመና ቢሆን አንድ ቀን አስቀድሞ ወይም አዘግይቶ መለካት ይቻላል፤ የአንድ ቀን ልዩነት 1 ሳንቲ ሜትር አይሞላምና። ፀሐይ ሁለተኛ በጢቾ አናት የምታልፈው ነሐሴ 27 ቀን ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰማዩ የክረምት ደመና ነው፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል።