«ልጄ እንጀራ አልበላም አለ»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂንያ ነው። የ4 ዓመቱ ልጄ እንጀራ ገና ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ፓስታ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ በሽሮ ነው ያደግሁት። ይሄን ከማን ወረሰው?

መልስ፦ ውርስ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ግን ዕድሜውም ነው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች አዲስ ምግብ መጠራጠራቸው የተለመደ ነው። ጣፋጭ መውደድ አብሮን ይወለዳል፤ የእንጀራን ኮምጣጣነት ግን እየቀመስን ነው የምንለምደው። ልማዱ የሚጀምረው ደግሞ ከማህፀን ነው። በፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በማጥባት ወቅት የካሮት ጭማቂ የጠጡ ሕፃናት፣ የካሮት ጣዕም ያለው ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያጨማደዱት ከሌሎቹ ባነሰ ነው። ስለዚህ እርጉዝ ሳሉ የበሉት ሽሮ ከንቱ አልቀረም።

የቀረው ሥራ ገበታው ላይ ነው። ፓስታውን አይከልክሉት፤ ግን ልጁ ከትሪው አጠገብ ይቀመጥና እናንተ ስትበሉ ይይ። ጉርሻው ትንሽ፣ አልጫ የነካ ይሁን፤ አፉን ካልከፈተ ይተዉት። ብዙ ልጆች አንድን ምግብ ለመልመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል፤ ወላጅ ግን (እኛ ሐበሾች በተለይ) በሦስተኛው ቀን ወይ ተስፋ እንቆርጣለን፣ ወይ እንቆጣለን። «ከበላህ ከረሜላ አለ» ማለትም እንጀራውን ቅጣት ያስመስለዋል። ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ሲውጥ የሚያንቀው ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ለሐኪም ያሳዩት።