ፓርሲዎች የራሳቸውን ሕግ እንዴት አገኙ?

ምሁሯ

ፕሮፌሰር ሚትራ ሻራፊ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ታሪክ መምህርት ናቸው። ሕግን በካምብሪጅና በኦክስፎርድ፣ ታሪክን በፕሪንስተን ተምረዋል። በ2014 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት መጽሐፍ በብሪታንያ አገዛዝ ሥር የነበሩት ፓርሲዎች ከ1772 እስከ 1947 ከሕግ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ይመረምራል።

ክፍተቱ

ፓርሲዎች ከፋርስ ወደ ሕንድ የተሰደዱ የዞራስተር እምነት ተከታዮች ናቸው። በ1772 የቤንጋል ገዥ ዋረን ሄስቲንግስ በጋብቻና በውርስ ጉዳይ ሂንዱው በሂንዱ፣ ሙስሊሙ በእስልምና ሕግ እንዲዳኝ ወሰነ። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ፓርሲ ግን በቦምቤይ ከተማ በእንግሊዝ ሕግ ይዳኝ ነበር። በዚህ ሕግ አባት ሳይናዘዝ ከሞተ መሬቱ በሙሉ ለበኩር ልጁ ሊሄድ ነው! ፓርሲዎች ይህን በአቤቱታ ታግለው በ1837 አስቀሩት።

የ1865ቱ ሕጎች

ቀጥለውም ማኅበር አቋቁመው የራሳቸውን ሕግ ጠየቁ። በ1865 የፓርሲ የጋብቻና ፍቺ ሕግ፣ እንዲሁም ያለ ኑዛዜ የሚወረስበት ሕግ ታወጁ። በልዩ የጋብቻ ችሎት ከማኅበረሰቡ የተሰየሙ ፓርሲዎች ከዳኛው ጋር ተቀምጠው ፍሬ ነገሩን ይወስኑ ነበር። በውርሱ ግን መበለቲቱ የወንድ ልጅን ድርሻ ግማሽ፣ ሴት ልጅ ደግሞ የእናቷን ድርሻ ግማሽ ብቻ ታገኝ ነበር።

«ፓርሲ» ማን ነው?

ከታታ ቤተሰብ የሆነ አንድ ፓርሲ ነጋዴ ፈረንሳዊት አገባ፤ እሷም የዞራስተርን እምነት ተቀበለች። ታዲያ ከማኅበረሰቡ የአደራ ሀብት ተጠቃሚ መሆን ትችላለች? ጉዳዩ ለቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ዲንሻ ዳቫር ራሳቸው ፓርሲ ነበሩ። በ1908 የተሰጠው ፍርድ እምነት መቀበል ብቻውን ፓርሲ አያደርግም፤ ፓርሲነት በአባት ዘር ይወረሳል የሚል ነበር።

የምንማረው

ሻራፊ እንደሚያሳዩት፣ ፓርሲዎች በሕግ አርቃቂነት፣ በጠበቃነትና በዳኝነት ገብተው የቅኝ ገዢውን ሕግ ከውስጥ ቀርጸዋል። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ነገር ግን ሕጉን የቀረጹት የማኅበረሰቡ ወንዶች ስለነበሩ፣ የሴት ልጅ ድርሻ አነሰ፣ በጋብቻ የመጣችውም በር ላይ ቀረች። ስለዚህ የአንድን አናሳ ማኅበረሰብ ሕግ ስታጠኑ ሁለት ጥያቄ አትዝለሉ፦ ሕጉን ማን አረቀቀው? ከማኅበረሰቡስ ውስጥ ማን ተጎዳበት?