ተሳቢው ከመሃል ከተማ ሲወጣ

(አዳማ። የጅቡቲ መስመር ጡረተኛ ሾፌርና የጎረቤታቸው ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።)

ተማሪ፦ ጋሼ፣ መኪና ከቀነሰ አየሩ ይጠራል የሚሉት እውነት ነው?

ጋሼ፦ የቱ አየር? ከማርሚታ የሚወጣው ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል፤ ሞተሩ ዛሬ ቢጠፋ ለውጡ ቶሎ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. የቻይና ከተሞች በኮሮና ሲዘጉ ሳተላይት እንኳ ከላይ አይቶታል።

ተማሪ፦ ታዲያ አለቀ!

ጋሼ፦ ቆይ እንጂ። በዚያው ሰሞን ቤጂንግ መኪናው ቆሞ ጭጋጉ ከባድ ነበር። ደቃቁ ብናኝ ወላጁ ብዙ ነው፦ ፋብሪካ፣ ማሞቂያ፣ እርጥበት፣ የነፋስ እጦት። እዚህ ደግሞ አቧራና የከሰል ጭስ አለልህ።

ተማሪ፦ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚመጣው ፈጣን መንገድስ አልጠቀመም?

ጋሼ፦ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን ወደ ጎን ትቶ ያልፋል። የናፍጣ ሞተር ከሁሉ የሚያጨሰው ጭነት ይዞ ሲነሳ ነው፤ መሃል ከተማ ደግሞ መቆምና መነሳት ብቻ ነው። ጭሱ ጠፋ እንዳትል፣ ከሱቅ በር ወደ ማሳ ዳር ሄደ። የመንገድ ጭስ በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት በጣም ስለሚሳሳ፣ ለባለሱቁ ትልቅ ነገር ነው። ለገበሬው ግን ማን ጠየቀለት?

ተማሪ፦ አዳማስ?

ጋሼ፦ መንገዱ እኛ ዘንድ ያልቃል! ጅቡቲ የሚወርደው ወደ ወለንጪቲና መተሐራ ይቀጥላል። ከተማችን በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ታች ተኝቶ ጭሱን ይይዘዋል።

ተማሪ፦ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ከመኪና ነፃ ቀን፣ «መንገድ ለሰው»ስ? መንገድ ተዘግቶ ስንሮጥ አየሩ ቀሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ ለዚያ ጎዳና እውነት ነው። መኪናው ግን ቤቱ ካልቀረ በጓሮ መንገድ ተሰልፎ ያንኑ ናፍጣ ያቃጥላል። እኔ የምተማመነው በጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በባቡር የገባ ኮንቴይነር፣ ለአዳማ አንድ ተሳቢ ቀነሰላት ማለት ነው። ኮረብታው ላይ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ብቻ 51ና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ኃይሉ ከደጃችን ነው።

ተማሪ፦ በዚህ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ልሥራ?

ጋሼ፦ ሥራ። መለኪያ ካገኘህ ከሰል ሳይቀጣጠል፣ ተሳቢው በሚተላለፍበት ሰዓት ለካ። ከዚያ ከሰሉ ከተያያዘ በኋላ ድገመው። ሁለቱን ሳትለይ መጥተህ «መኪናው ነው» ብትለኝ አልሰማህም።